የጣና አረንጓዴ ሁሉ አልጌ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባለፈው እትማችሁ ጣና ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ነገር ሁሉ «አልጌ» ብላችሁ ጨፈለቃችሁት። እምቦጭ እኮ አበባ የሚያወጣ ተክል ነው! ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ማይክሮሲስቲስ ደግሞ ኒውክሊየስ (የሕዋስ አስኳል) የሌለው ባክቴሪያ ነው። መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ መርዙ ውሃውን በማፍላት አይጠፋም። ከብቱን ሐይቁ ላይ ለሚያጠጣ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

እውነተኞቹ አረንጓዴ አልጌዎች ክሎሮፊል ኤ እና ቢ የተባሉ ብርሃን የሚቀበሉ አረንጓዴ ቀለሞች አላቸው። ስታርቻቸውንም ክሎሮፕላስት ውስጥ፣ ማለትም በብርሃን ምግብ በሚሠራው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያከማቻሉ። ሁለት ትልልቅ ጎራ አላቸው፦ ባለ አንድ ሕዋሱ ክሎሬላ ከአንዱ ነው፤ ረጋ ባለ ውሃ ላይ እንደ ፀጉር የሚንሳፈፈው ስፓይሮጋይራ ከሌላው። ስፓይሮጋይራ በዝምድና ከክሎሬላ ይልቅ ለጤፍ ይቀርባል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ይስቁብኛል። በማይክሮስኮፕ የተጠማዘዘውን ክሎሮፕላስት ሲያዩ ግን ወረፋ ይጋፋሉ።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶውን ከማተማችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩት።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር