የመውጫ ሰዓትን እስከ 11 ሰዓት ስለማራዘም ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ "ልጆቹ እስከ 11 ሰዓት ይቆዩና ይማሩ" ብላችሁ ጠይቃችኋል። ስጋታችሁ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017ም ተሻሻለ ተብሎ 8.4 በመቶ ነው የደረሰው። ይህን የሰማ ወላጅ ቢጨነቅ አይፈረድበትም።

ከመምህራን ጋር ተመካክረን ግን ከ1ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉት እንደ ወትሮው 9፡30 እንዲወጡ ወስነናል። ምክንያቱን ማየት የሚፈልግ ወላጅ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ 2ኛ ክፍል ገብቶ ይቀመጥ። ዴስክ ላይ የተደፋ አለ፣ እርሳሱን እንደያዘ እንቅልፍ የወሰደው አለ፤ መምህርቷ አንዱን ስትቀሰቅስ ሌላው ያንቀላፋል። ምገባው ቁርስና ምሳ ነው፤ ከምሳ እስከ 11 ሰዓት ያለ መክሰስ መቆየት ለሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። እንዲህ ደክሞት የሚቆይ ልጅ ተቀመጠ እንጂ ተማረ አይባልም። ደግሞም ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር የሚሯሯጥበት ሰዓት ያስፈልገዋል።

እኔን የሚያሳስበኝ የጠዋቱ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 2፡20 ይጀምራል፣ ርዝመቱ 40 ደቂቃ ነው። በየቀኑ 2፡40 የሚደርስ ልጅ በሳምንት 100 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ክፍለ ጊዜ ተኩል ያጣል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መምህሩ ያቋርጣል፣ በሰዓቱ የገቡትም አብረው ይጎዳሉ። በብዙ ክፍሎች ጠዋት የምናስተምረው ሒሳብ ነው፤ ያመለጠው ማካፈል ከሰዓት በኋላ በሚጨመር ሰዓት በቀላሉ አይተካም። የታክሲው ሰልፍ ምን ያህል እንደሚያስመርር አውቃለሁ። ቢሆንም እባካችሁ፣ ልጆቻችሁን ለ2፡00 ሰልፍ አድርሱልን።

የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተና ስላለባቸው ሰኞና ረቡዕ እስከ 10፡45 የማጠናከሪያ ትምህርት ይኖራቸዋል። ክፍያ የለውም።

ከሥራ በጊዜ መውጣት ለማትችሉ ወላጆች ቤተ መጻሕፍቱ ተረኛ መምህር ተመድቦለት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ይሆናል። ልጆቹ የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ተረት ያነባሉ፤ አዲስ ትምህርት አይሰጥም። ቦታው ጠባብ በመሆኑ እስከ ዓርብ ድረስ ለዩኒት መሪዎች አስመዝግቡ።

በውሳኔው የማይስማማ ወላጅ ቅዳሜ 3 ሰዓት በአዳራሹ ይምጣ፤ መምህራኑም ስለሚገኙ ፊት ለፊት እንነጋገራለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር