አባ ጅፋር ልጆቹን ለልዋጭ አያቅርብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የስፖርት አምደኛችሁ ሰሞኑን ስለ ጅማ አባ ጅፋር የጻፉትን አነበብኩ። ስለ ክለባችን ማሰባቸው ደስ ይላል። ከወረድን ወዲህ የሚያስታውሰን ጋዜጣ ብዙ አይደለም። ምክራቸው ግን አልተዋጠልኝም።

ሐሳባቸው አጭር ነው። ክለቡ ጎል የሚያገባለት ሰው አጥቷል። አጥቂ ለመግዛት ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለቱን ወጣቶች፣ የግራ መስመሩን ልጅና ያንን ቀጭን አማካይ፣ ለአንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ ይስጥና በምትኩ ልምድ ያለው አጥቂ ይውሰድ። ሰው በሰው፤ ሳንቲም ሳይወጣ። አሜሪካኖች በቤዝቦል ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው ይላሉ። ምሳሌም ጠቅሰዋል፤ ባልቲሞር ኦርዮልስ በፈረንጆቹ 1965 መጨረሻ መቺውን ፍራንክ ሮቢንሰንን ከሲንሲናቲ ያገኘበትን ልውውጥ።

እኔ ጅማ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው። የቤዝቦል ሊቅ አይደለሁም። ታላቅ ወንድሜ ግን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ የለየለት የኦርዮልስ ደጋፊ ነው። ሲደውል የእማዬን ጤና ይጠይቅና ወዲያው ወደ ኦርዮልስ ይገባል። እኔም ሳልወድ በግድ ተምሬያለሁ። ስለዚህ አምደኛው ባልቲሞርን ሲያነሱ «አገኘኋቸው» አልኩ።

የሮቢንሰን ታሪክ እውነት ነው። ሲንሲናቲ ሠላሳ ዓመት ሞላው፣ አርጅቷል ብሎ ነው የለቀቀው። ሰውየው ባልቲሞር በገባ በዓመቱ 49 ሆምራን (ኳሱን ከሜዳው ውጭ የሚያወጣ ምት) መታ። በምት አማካይም፣ ባስገባው ነጥብም ከሊጉ አንደኛ ወጣ። ከዚያ በፊት የዓለም ዋንጫቸውን አንስቶ የማያውቀው ባልቲሞር ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን 4 ለ 0 ጠርጎ ሻምፒዮን ሆነ። ሠላሳ ዓመት የሞላው አጥቂ አለቀለት ማለት አይደለም የሚሉት ነገር ልክ ነው። በዚህ አንጣላም።

ግን ባልቲሞር ምን ሰጠ? ይህን አልጻፉልንም። ዋናው የሰጠው ሰው ሚልት ፓፓስ የሚባል ኳስ ወርዋሪ ነው። ገና 26 ዓመቱ ቢሆንም ለባልቲሞር ከ100 በላይ ጨዋታ ያሸነፈ፣ የበሰለ ተጫዋች። ሌሎች ሁለት ሰዎችም አብረውት ሄደዋል። ባልቲሞር ይህን ያደረገው ወርዋሪ ስለተረፈው ነው። ከኋላ ወጣቶች ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። አንዱ ጂም ፓልመር ነው። ፓልመር በዚያው በ1966 የፍጻሜ ውድድር፣ ገና የ20 ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ታላቁን ወርዋሪ ሳንዲ ኩፋክስን ገጥሞ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ጨረሰ። እንግዲህ ባልቲሞር የተረፈውን ሰጠ፣ ልጁን አስቀረ። እኛ ግን ልጁን እንድንሰጥ ነው የተመከርነው።

ድሮ ሰፈራችን «ልዋጭ!» እያለ የሚዞር ሰውዬ ነበር። አሮጌ ልብስ ይወስዳል፣ የፕላስቲክ ሳፋ ይሰጣል። እናቴ ደንበኛው ነበረች። የምንለብሰውን አውጥታ የሰጠችበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም።

አሁን ወንድሜ እስከ ዛሬ የሚያዝንበትን ሌላውን የባልቲሞር ልውውጥ ልንገራችሁ። ጊዜው ጥር 1991 ነው፣ በፈረንጆቹ። ኦርዮልስ ልክ እንደ እኛ መቺ ቸግሮታል። ሂዩስተን ላይ ግሌን ዴቪስ የሚባል ሆምራን የሚያዘንብ ሰው አለ፤ ዕድሜው ሠላሳ እየደረሰ ነው። ባልቲሞር ለእሱ ሦስት ወጣቶች ሰጠ፤ ስቲቭ ፊንሊ፣ ፒት ሃርኒሽ እና ከርት ሺሊንግ። አምደኛችሁ የሚመክሩን ልውውጥ እንግዲህ ይኼኛው ነው እንጂ የሮቢንሰኑ አይደለም።

ዴቪስ በመጀመሪያው ዓመት አንገቱን ተጎዳና 49 ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለባልቲሞር የመታው ሆምራን በድምሩ 24 ነው። ሃርኒሽ በዚያው ዓመት ለሂዩስተን ኮከቦች ከሚመረጡበት ቡድን ገባ። ፊንሊ እስከ 2007 ተጫውቶ ከ300 በላይ ሆምራን መታ። ሺሊንግ ደግሞ ከ3,000 በላይ መቺ አስወጥቶ፣ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ጫማውን ሰቀለ። የሚያስቀው ሂዩስተንም አላወቀችበትም፤ በዓመቱ ለፊላዴልፊያ አሳልፋ ሰጠችው። ልጅ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ለአሜሪካኖችም እንዲህ ከባድ ነው። ያውም ያ ሁሉ ቁጥር፣ ያ ሁሉ መልማይ እያላቸው።

ባልቲሞር ዴቪስን ባመጣበት ዓመት 95 ጨዋታ ተሸነፈ። ምን ሆነ? ምንም አልሆነም። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ሊግ፣ አዲስ ስታዲየም ውስጥ ነበር። በአሜሪካ ቤዝቦል ወራጅ የለም። ክለቡ ሊሳሳት ይችላል፣ አምስት ዓመትም በዜሮ ሊኖር ይችላል፤ ደካማ የሆነውማ እንዲያውም ከአዳዲስ ልጆች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። እኛ ጋ ስህተት ዋጋው ሌላ ነው። በ2014 ዓ.ም. ስንወርድ አይተነዋል።

ደግሞ የውል ጉዳይ አለ። ይህንን አምደኛው ጭራሽ አልነኩትም፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። የአሜሪካ ክለብ ወጣት ተጫዋች ተቀበለ ማለት ልጁ በዋናው ሊግ ስድስት ዓመት እስኪያገለግል ድረስ መብቱ የክለቡ ነው። ስለዚህ ሲለዋወጡ ሁለቱም ወገን ስንት ዓመት ሰጥቶ ስንት ዓመት እንደተቀበለ ያውቃል። የእኛ ሊግ ውል የአንድና የሁለት ዓመት ነው። ያ ልምድ ያለው አጥቂ ጥቅምት ላይ ይመጣል፣ ዘጠኝ ወር ይጫወታል፣ ከዚያ ነፃ ነው። የፊርማ ገንዘብ ወደሚከፍለው ይሄዳል። አይፈረድበትም፣ ሥራው ነው። ሁለቱ ልጆቻችን ግን አይመለሱም። በመጨረሻ እጃችን ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? የአንድ ዓመት ጎል። እሱም ከገባ ነው።

ልጆቹንስ ማን ጠየቃቸው? በእግር ኳስ ክለቦች ስለተስማሙ ብቻ ተጫዋች አይዘዋወርም፤ ራሱ መፈረም አለበት። በቤዝቦል ግን ለረጅም ጊዜ እንዲያ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1969 ሴንት ሉዊስ ከርት ፍለድን ለፊላዴልፊያ ሲሰጠው የነገረው አልቆ ነው። ፍለድ አሻፈረኝ አለ። ከፍላጎቴ ውጭ የምገዛና የምሸጥ ንብረት አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኃላፊ ጻፈ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 5 ለ 3 ተፈረደበት፤ የስፖርት ሕይወቱም በዚያው አከተመ። ተጫዋቾች ነፃነት ያገኙት ከእሱ በኋላ ነው። ዛሬም ቢሆን በውሉ ላይ ካላስጻፈ በቀር እንቢ የማለት መብት በሊጉ አሥር ዓመት የቆየ፣ የመጨረሻውን አምስት ዓመት ደግሞ በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች ነው ያለው። አምደኛው እንደ ጥሩ ነገር ያቀረቡልን አሠራር አሜሪካ ውስጥ ራሱ ይህን ያህል አጣልቷል።

ቤዝቦል ሩቅ ከሆነባችሁ የአርሰናል ደጋፊ ጠይቁ፤ ጅማ ውስጥ ሞልቷል። በፈረንጆቹ ጥር 2018 ሳንቼዝ ወደ ዩናይትድ፣ ሚኪታሪያን ወደ አርሰናል፤ ሰው በሰው። ፈረንጅ አራዳ ያለው የዲኤስቲቪ ቤት ለሁለት ተከፍሎ ማን አተረፈ ብሎ ሲጨቃጨቅ ነበር። ሳንቼዝ በ45 ጨዋታ 5 ጎል አገባና በውሰት ኢንተር ገባ። ሚኪታሪያንም በውሰት ሮማ ሄደ። ማንም አላተረፈም።

አምደኛው ሌላም ያነሱት አለ። «በ2010 ዓ.ም. ዋንጫ ያመጣላችሁ የውጭ አጥቂ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ነው እንጂ። ኦኪኪ አፎላቢን የሚረሳ የጅማ ሰው የለም። ገና ባደግንበት ዓመት በ23 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ከጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆነን በጎል ልዩነት ዋንጫውን ወሰድን። ከተማው ያን ቀን አልተኛም። ግን ኦኪኪ የመጣው በውል ነው፤ ማንንም ልጅ በእሱ አልለወጥንም። የሄደውስ መቼ ነው? በዚያው ክረምት፣ ወደ ግብፁ ኢስማኢሊ። አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌም መቀሌ ሄደው በቀጣዩ ዓመት ከመቀሌ 70 እንደርታ ጋር ሻምፒዮን ሆኑ። እኛ አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፍን፤ በድምር 2 ለ 1 ወደቅን። ከዚያ ቁልቁል ነው። እስቲ ያኔ ለኦኪኪ ሁለት ወጣት ሰጥተን ቢሆን ኖሮ አስቡት። እሱም የለ፣ እነሱም የሉ።

ጥር 2013 ዓ.ም. ላይ ሊጉ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሲካሄድ አቡበከር ናስርን ማየት ነበር። ቡና በልጅነቱ ይዞ ያቆየው ተጫዋች በዚያ ዓመት 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። በ2014 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገባ። በ18 ዓመቱ «ጎል የሚያገባ ጎልማሳ አምጡና ይህን ልጅ ውሰዱ» ብሎ የመከረ ሰው ነበረ ይሆን? ቢኖር አይገርመኝም።

አጥቂ አያስፈልገንም እያልኩ አይደለም። ያስፈልገናል፤ በጣም። ግን ውሰት የሚባል ነገር አለ። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያስቀምጧቸው አጥቂዎች ሞልተዋል። አንዱን ለግማሽ ዓመት በውሰት እንጠይቅ። አማካያችንን ይፈልጉታል ከተባለም እሱንም በውሰት እንስጥ፤ ከፍ ባለ ደረጃ ተጫውቶ ሰኔ ላይ ይመለስ። ከዚያ በፊት ግን የልጁን ውል ያራዝሙለት። ውል ሳያራዝሙ መላክ ዞሮ ዞሮ ያው መስጠት ነው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ላርም። የግራ መስመሩ ልጅ «ከ70 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል» ተብሎ ተጽፏል። አምደኛው ያዩት ጨዋታ ያን ዝናብ የወረደበት ቀን ከሆነ እኔም ነበርኩ። ሜዳው ጭቃ ነበር፤ ሃያ ሁለቱም ጠፍተዋል። ልጁ ደግሞ ያን ቀን ተከላካይ ስለተጎዳ ከእረፍት በኋላ የግራ ተመላላሽ ሆኖ ነው የተጫወተው። የመጨረሻዋን የማዕዘን ምት ከመስመር ላይ በግንባሩ ያወጣት እሱ ነው፤ ሰዓቱ 88 ደቂቃ ይል ነበር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአባ ጅፋር ደጋፊ
ጅማ፣ መርካቶ