አባዬ፣ ስለ መኪናው

ይድረስ ለውድ አባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ጣሪያ ላይ ካልተወረወረ ብላ ስታለቅስ ዋለች። አያቴ ነው ያለኝ ትላለች። የምንኖረው አፓርታማ፣ ጣሪያ ከየት እናምጣላት? በመጨረሻ ወንድሟ ይዟት ወርዶ የጎረቤት ጋራዥ ላይ ወረወረላት። እሱም ደህና ነው። ቁመቱ አባቱን አልፏል። ድምፁም ጎርንኗል፤ ስልክ ሲያነሳ አባቱ ቢመስልህ አይገርመኝም።

ለኦፕራሲዮኑ 12 ቀን ቀረው። እኔ ከሁለት ቀን በፊት እደርሳለሁ። እስከዚያ በረዶ እንዳትዝቅ። ለጎረቤቱ ልጅ 20 ዶላር ስጠውና እሱ ይዛቅ። ስለ ጾሙ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ ይፈቱልሃል። ኪኒኑን በየትኛው ቀን እንደምታቆም እማዬ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፣ እየው።

ይኼን ሁሉ በስልክ ነግሬሃለሁ። የምጽፍልህ በስልክ ያልወጣልኝ ነገር ስላለ ነው። ፊትህን እያየሁም አይወጣልኝም። ስለዚህ ደብዳቤው ከእኔ ቀድሞ ይድረስህ።

ባለፈው እሁድ "ኮሮላውን ለልጁ ልሰጠው ነው" ስትለኝ ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ ሁለቴ "ሃሎ" አልክ። አልተቋረጠም ነበር። ስጦታህን ጠልቼም አይደለም። መንጃ ፈቃዱን በሚቀጥለው ወር ያወጣል። አንተ የምታየው የልጅ ልጅህን ነው። ማታ በ4 ሰዓት ከኋላው መብራት አብርቶ የሚያስቆመው ፖሊስ የሚያየው ረጅም ጥቁር ጎረምሳ ነው። ይኼን ነበር ልልህ የፈለግኩት። ግን ይኼን ስል በ2020 ያወራነው ሁሉ ተመልሶ እንዳይመጣ ፈራሁ።

ያኔ "ፈሪ" አልኩህ። አባቴን ፈሪ አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንተ ስለ በረዶው፣ እኔ ስለ ልጆቹ እያወራን ስልክ እንዘጋለን።

ጆርጅ ፍሎይድ የሞተበት 38ኛው መንገድና ቺካጎ አቬኑ ከቤትህ በመኪና 20 ደቂቃ ነው። በታክሲህ ስንት ጊዜ ያለፍክበት መንገድ። 9 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ የፖሊስ ጉልበት አንገቱ ላይ። ፖሊስ መጀመሪያ ያወጣው መግለጫ ሰውየው በሕክምና ችግር ሞተ የሚል ነበር። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በስልኳ ባትቀርጸው ኖሮ እንደዚያው ተብሎ ይቀር ነበር። እኔ እያለቀስኩ ደወልኩልህ። አንተ "እነሱ እርስ በርስ ሲጋደሉ ማን ሰልፍ ይወጣል?" አልከኝ። "እኛ እንደነሱ አይደለንም፣ ጎመን በጤና" አልክ። ሌላም ቃል ጨመርክ፣ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ይኼ ንግግርህ አሁንም ያመኛል። ግን አንተን ምን እንዳመመህ ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩብህ። ይኼን ያወቅኩት ከእማዬ ነው። አንድ ክረምት ሁለት ልጆች ታክሲህ ውስጥ ሽጉጥ አንገትህ ላይ ደግነው 84 ዶላር እንደወሰዱብህ፣ ለእኛ እንዳይነገር እንዳስማልካት ነገረችኝ። ባልንጀራህ ደግሞ እንደዚሁ ተሳፋሪ ተኩሶበት ከታክሲ ሥራ እንደወጣ። ፍሎይድ በሞተ ሰሞን ደግሞ፣ 3ኛው ፖሊስ ጣቢያ በተቃጠለ ማግስት፣ ሌክ ስትሪት ላይ ወዳጅህ ሱቁ ተሰብሮ መጥረጊያ ይዘህ ሄድክ። ጤፉ ከተሰበረው መስታወት ጋር ተደባልቆ ስለነበር እየዛቃችሁ እንደጣላችሁት፣ ወዳጅህ ሰው እንዳያየው ወደ ጓዳ ገብቶ እንዳለቀሰ ነገረችኝ። እኔ በዚያ ቀን ሜሪላንድ ሆኜ ቴሌቪዥን እያየሁ ነበር።

በ2021 ኖቬምበር የሚኒያፖሊስ ሕዝብ የፖሊስ መምሪያው በሌላ ተቋም ይተካ ወይ ተብሎ ተጠይቆ አብዛኛው አይሆንም ሲል፣ ሰሜን በኩል ያሉ፣ ጥይት በየሳምንቱ የሚሰሙ ጥቁሮችም እንቢ ብለዋል። ያኔ ነው ትንሽ የገባኝ። ሰው ሌባ ሲመጣበት የሚደርስለት ፖሊስ ይፈልጋል። ያው ፖሊስ ልጁን እንዳይገድልበትም ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈልግ ሰው አልተሳሳተም። አንተና እኔ ግማሽ ግማሹን ይዘን ተጣላን።

እንዳልዋሽህ፣ ያ ሁሉ ቁጣ ከፍሎይድ ብቻ የመጣ አልነበረም። ከወንድሜ ነው።

ወደ ሚኒሶታ ሳንመጣ፣ በመጀመሪያው ከተማችን፣ በዚያች ማታ። 16 ዓመቱ ነበር። ከሱፐርማርኬት ሥራው ሲመለስ፣ የሥራ ሽርጡን ጠቅልሎ በእጁ ይዞ። ከሱቅ የሰረቀ ልጅ እየፈለጉ ነበር አሉ። አስፋልት ላይ በደረቱ አስተኝተው ካቴና አሰሩት። እንዳስተረጉምልህ እኔን ይዘኸኝ ሄድክ። የሚተረጎም ነገር አልነበረም። ኮፍያህን አውልቀህ "ሶሪ ሰር" አልክ። ሦስት ጊዜ። የተሳሳቱት እነሱ፣ ይቅርታ የጠየቅከው አንተ። መኪና ውስጥ ስንገባ የውስጡን መብራት አብርተህ ጉንጩን አየኸው። ተልጦ ጠጠር ገብቶበት ነበር። ለረጅም ጊዜ አየኸው። ከዚያ "ምን አድርገህ ነው?" አልክ።

"ምንም" አለ።

"ያለ ነገር አይዙህም" አልክ።

አባዬ፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ሽርጡን ይዤለት። አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ወንድሜ ጠጠሩን በጥፍሩ ሲያወጣ ድምፁ ይሰማኝ ነበር። ለምን አትላንታ ሄዶ እንደቀረ፣ ለምን ለገና በጽሑፍ መልእክት ብቻ እንኳን አደረሰህ እንደሚልህ ሁላችንም እናውቃለን። ማናችንም አንናገረውም።

ዓመት ቆይቶ አዲስ አበባ ስሄድ አያቴ ስለ አጎቴ ነገረችኝ። በ1970 ዓ.ም. ቀበሌ መጥቶ ሲወስደው አንተ በር ላይ ቆመህ እንደነበር። አልቅሱ ተብሎ እንኳ እንዳልተፈቀደላችሁ። በማግስቱ ጎረቤት እያለፈ "ያለ ነገር አልያዙትም" ሲል ሰምተህ፣ ከዚያ ወዲህ ያን ሰው ሰላም እንዳላልከው። አያቴ ይኼን ስትነግረኝ የቡና ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ደረሰ። ቃሉ ያው ቃል ነው። አንተን ያቃጠለህን ቃል ለልጅህ ሰጠኸው። የታጠቀ ሰው ፊት አፍ እንዲከፈት አትፈልግም ነበር። አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ወንድሜ ጥፋቱ ያንተ አይደለም የሚለው ሰው ይፈልግ ነበር። አሁንም ይፈልጋል።

እና ታውቅ ነበር። አንተ ሁሉን ታውቅ ነበር። በታክሲህ ማታ ሲያስቆሙህ አጠገብህ ተቀምጬ አይቻለሁ። መዝሙሩን ታጠፋለህ። የውስጡን መብራት ታበራለህ። በረዶም ቢሆን መስኮቱን እስከ ታች ታወርዳለህ። ኮፍያህን ወንበሩ ላይ ታስቀምጣለህ። አሥሩን ጣቶችህን ዘርግተህ መሪው ላይ ታሳርፋለህ። ወረቀቶቹን ከራስህ በላይ የፀሐይ መከላከያው ላይ በላስቲክ አስረሃቸው ነበር፣ እጅህ ኪስህ ውስጥ እንዳይገባ። ይኼን የጀመርከው አማዱ ዲያሎ የተገደለ ሰሞን ነው፣ በ1999። የ23 ዓመት የጊኒ ልጅ፣ ኒው ዮርክ፣ ቤቱ በር ላይ። ቦርሳውን ሊያወጣ እጁን ሲሰድ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት። አፍሪካዊ ነህ ወይስ እዚህ የተወለድክ ብሎ የጠየቀው የለም። ፖርትላንድ ላይ በ1988 ሙሉጌታ ሥራውን በቤዝቦል ዱላ የገደሉት ዘረኞችም፣ ፖሊስ ባይሆኑም፣ ሐበሻ መሆኑን አልጠየቁትም። የሙሉጌታን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ካንተ አፍ ነው። እንደነሱ አይደለንም ስትለኝ ያ ስም የት ሄዶብህ ነበር?

ፍሎይድ እናቱን ሲጠራ ስታይ ተነስተህ ወጥ ቤት ገብተህ ቧንቧውን ከፍተህ ቆምክ፣ አለችኝ እማዬ። እናቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በገደለው ፖሊስ ላይ ፍርዱ የተነበበ ዕለትም፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2021፣ ደወልክልኝ። "ሰማሽ?" አልከኝ። "ሰማሁ" አልኩህ። ከዚያ ስለ አየሩ አወራን። እዚያ ላይ ነበር ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ። አሁን እጠይቅሃለሁ። ፈሪ አይደለህም። ይቅር በለኝ።

ስለ መኪናው ግን አሁንም እፈራለሁ። ፊላንዶ ካስቲል ፎልከን ሃይትስ ላይ ሲገደል፣ በ2016፣ መንገዱ አንተ በየቀኑ የምትነዳበት ላርፐንተር ነበር። የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ። የኋላ መብራት ተብሎ ነው ያስቆሙት። "ሰር" ብሎ በሥርዓት ነው ያናገረው። በሕግ የተፈቀደለት መሣሪያ ነበረው፣ መያዙንም ቀድሞ ነገረ። አራት ዓመቷ ሕፃን ኋላ ተቀምጣ ነበር። ፖሊሱ በዓመቱ ነጻ ተባለ። ጨዋነት ሁልጊዜ እንደማያድን ለልጄ እንዴት ብዬ ልንገረው? እሱ ይኼን ሁሉ በስልኩ ያየዋል፣ ግን የሚያየውን ከራሱ ጋር የሚያገናኝለት ሰው የለውም። እኔ ስጀምር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ እሱም "አውቃለሁ ማሚ" ብሎ ጆሮውን ይደፍናል።

አንተን ግን ይሰማል። ይዤው እመጣለሁ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባለው ቀን ኮሮላው ውስጥ አጠገብህ አስቀምጠው። ሞተር ሳታስነሳ። መብራቱን፣ መስኮቱን፣ ጣቶቹን አሳየው። እና በእግዜር ይዤሃለሁ፣ ይኼን የምናደርገው አንተ አጥፍተህ አይደለም በለው። በዚያች ማታ ስለ አጎቱ ጉንጭም ንገረው፤ ካንተ ይስማው።

ወንድሜ ትናንት ደወለልኝ። ኦፕራሲዮኑን ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "በስንት ሰዓት ነው?" አለኝ። ጠዋት ነው አልኩት። ቁጥሩ አልተቀየረም፣ ያው የድሮው ነው።

አንድ ነገር ረሳሁ። እሁድ ልንዘጋ ስንል "የኋላ መብራቶቹን ሁለቱንም አስቀይሬአቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው፣ ማታ ማታ ወደ ጋራዡ በር እያስጠጋሁ አያቸዋለሁ" አልከኝ። ቀዩ መብራት በሩ ላይ ሲያርፍ እስክታይ ብርድ ውስጥ ቆመህ። ሐኪሙ ብርድ አይንካህ ብሏል አባዬ። እስክንመጣ ተወው፣ እኔ ወጥቼ አይልሃለሁ።

ልጅህ