ከሰባት ዓመት በኋላም አይረፍድም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ «ልጅ ሰባት ዓመት ካለፈው ሁለተኛ ቋንቋ በወጉ አይዝም» ብለው ደምድመዋል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 670,000 ያህል ሰዎች በኢንተርኔት የተፈተኑበት የአሜሪካ ጥናት የእንግሊዝኛ ሰዋስው የመማር አቅም እስከ 17 ዓመት ገደማ ብዙም እንደማይደክም አሳይቷል። እንደ አፍ መፍቻ ለማወቅ ግን ዕድሜ ከ10–12 ዓመት ሳያልፍ መጀመር ያስፈልጋል ይላል። (የተለካው ሰዋስው ነው፤ የአነጋገር ቅላጼ ሌላ ጣጣ ነው።)

ልጆቻችንን እንግሊዝኛ ሲማሩ የሚያንገዳግዳቸው የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ይመስለኛል። «አስቴር ለወንድሟ የገዛችውን ጫማ…» ስንል ሰጠችው ይሁን መለሰችው የሚለየው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግሱን ያስቀድማል፤ ጫማውንም ከገላጩ («ለወንድሟ የገዛችው» ከሚለው) በፊት ይጠራል። ይህን ጆሮና ዓይን የሚለምዱት በንባብ ስለሆነ፣ መምህራን ሕግ ማስሸምደዱን ቀነስ አድርገው ረዘም ያለ ታሪክ ቢያስነብቡ እመርጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የቋንቋ መምህር