አፕልስክሪፕት አርጅቷል፣ ግን አትጣሉት

ሰላም ለሁላችሁ፣

«አፕልስክሪፕት አለቀለት ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ ቁርጡን ልንገራችሁ። አላለቀለትም፤ ግን ዞር ብሎ የሚያየው አጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ የማክ ፕሮግራሞች በተጻፈ ትእዛዝ ሥራቸውን በራሳቸው እንዲሠሩ የሚያደርግ የአፕል ቋንቋ ነው። አፕል በ2016 የአውቶሜሽን (ሥራን በራሱ የማሠራት) ኃላፊውን ሳል ሶጎያንን አሰናብቶ ቦታውን ሲያጥፍ ብዙ ሰው ተስፋ ቆረጠ፤ በ2021 ደግሞ ሾርትከትስ (ዝግጁ እርምጃዎችን፣ ማለትም አክሽኖችን፣ በመደርደር ሥራን በራሱ የሚያሠራ የአፕል ፕሮግራም) ማክ ላይ ሲገባ ዓይን ሁሉ ወደሱ ዞረ።

ያም ሆኖ ፋይንደር (የማክ ፋይል ማያ) ላይ የመረጣችሁትን የፎቶ መዓት ስሙን በአንዴ ለመቀየር፣ ወይም በሜይል የመጣ ደረሰኝን በላኪው ስም ወደተሰየመ ፎልደር ለመክተት አሁንም ጥቂት መስመር ይበቃል። አፕልስክሪፕት የሚጻፍበትን ስክሪፕት ኤዲተርን ክፈቱና ከፋይል ሜኑ ኦፕን ዲክሽነሪ ብላችሁ የፈለጋችሁትን ፕሮግራም ምረጡ፤ የሚቀበለው ትእዛዝ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፕሮግራሙ ዲክሽነሪ (የትእዛዝ ዝርዝር) ከሌለው ግን ጣጣ ነው። የማክ አጋዥ ፕሮግራም በሆነው በሲስተም ኢቨንትስ በኩል በተን በበተን ማስጫን ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ፕሮግራሙ አፕዴት በተደረገ ማግስት ሊበላሽ ይችላል። አጻጻፉም ቢሆን ሲያነቡት ቀላል፣ ሲጽፉት የሚያናድድ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁ የሚሠራውን አትንኩት። አዲስ ሥራ በሾርትከትስ ጀምሩ፣ ሲያቅተው «ራን አፕልስክሪፕት» የሚለውን አክሽን ጣል አድርጉበት። የድሮ ስክሪፕቶቻችሁንም በቴክስት ፎርማት ኮፒ አስቀሩ።