የአቦሉ ጣዕም ለምን ይጠፋል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ደስታ ባወጣችሁት ጽሑፍ መልመድ የሚባለው ነገር ተዘሏል። አእምሮ የለመደውን መቁጠር ይተዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት፣ 22 ሎተሪ የደረሳቸው ሰዎች ከዕለት ተዕለት ጥቃቅን ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌላው ሰው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እኛ ጅማዎችም ቡናው ደጃችን በቅሎ፣ አቦሉን ስልክ እያየን እንጨልጠዋለን። ቡናው መቆላት ሲጀምር ስልኩ ይራቅ፤ ጭሱ ሲዞር በደንብ ይሽተት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፉቶች በዝምታ ይጠጡ። ወሬው ለቶና ይደርሳል!

ምስጋና መጻፍም ይረዳል። በየቀኑ ሲሆን ግን ግዴታ ሊመስልና ሊሰለች ይችላል፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል። «ጤና» ብሎ ማለፍ አይሠራም፤ ማን ምን እንዳደረገ ይጻፍ።

ደስታ ማጣቱ ቀኑን ሙሉ እየዋለ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሐኪም ይታይ።

ከጅማ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች