በስልክ ላልነግርሽ የፈለግሁት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስንደዋወል «ድምፅሽ ልክ አይደለም» ስትዪኝ «ብርድ ነው» ብዬሽ ነበር። ቤቱ ሰው ሞልቶት ስለነበር ነው። ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። አስቀድሜ ግን ልንገርሽ፦ ካንሰር የለብኝም።

እዚህ እንግሊዝ አገር ሴት ከ25 እስከ 64 ዓመቷ ድረስ ለማሕፀን በር ምርመራ በየጊዜው ትጠራለች። ነርሷ በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ናሙና ትወስዳለች፤ ወዲያው ያልቃል። ናሙናው መጀመሪያ የሚመረመረው ኤች ፒ ቪ ለሚባል ቫይረስ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚነሳው ከእሱ ነው። የእኔ ውጤት በፖስታ መጣ፦ ቫይረሱ ተገኝቷል፣ የተለወጠ ሕዋስ ግን አልታየም፣ ከዓመት በኋላ ተመለሺ። ለቫይረሱ የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ዓመት ሙሉ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደሚተላለፍ ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ደበቅሁት። በቁርባን ያገባሁ ሴት ነኝ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ስታጠብ እንኳ ቆሻሻው የማይለቅ መሰለኝ። ነርሷ በፎጣ እንደማይተላለፍ ነግራኝ እያለ የልጆቹን ፎጣ ከእኔ ለይቼ ሌላ መስቀያ ላይ ሰቀልኩት። ማታ ማታ ባለቤቴን ጀርባዬን ሰጥቼው እተኛ ነበር። በመጨረሻ ስነግረው ዝም አለ። ዝምታው ውስጥ «ከማን?» የሚለውን ሰማሁ። እኔም በልቤ ያንኑ እጠይቀው ነበር።

ነርሷ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ሁሉንም ጠየቅኋት። ይህ ቫይረስ በሕይወት ዘመኑ አንድ ጊዜ ያልያዘው ሰው ጥቂት ነው። ከአንድ ሰው ሌላ የማያውቅም ይይዘዋል። ዓመታት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ምርመራው መቼ እንደገባም፣ ከማን እንደመጣም አይናገርም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ወደ ካንሰር የሚያመራው ሳይጠፋ ለረጅም ዘመን ሲቆይ ነው፤ ጤነኛ ሰውነት ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ሌሊት አልቅሼ አላሳልፍም ነበር። ባለቤቴንም ይዤው ሄድኩ፤ ከእሷ አፍ ሲሰማ ፊቱ ፈታ አለ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ እማዬ። ለወንዱ እንዲህ ያለ ምርመራ አይደረግለትም። ቫይረሱን ሁለቱም ይሸከሙታል፣ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ግን የሴቷ ስም ነው። ስለዚህ ነውሩም ጥርጣሬውም እሷ ላይ ይወድቃል። ይህን የምልሽ ታናሽ እህትሽን እያሰብኩ ነው። ደም ሲፈስሳት እኛ «የሆድ ሕመም» እንል ነበር፣ ለቀስተኛውም የነገርነው ያንኑ ነው። ለሐኪም ለመናገር አፍራ ለአንቺም ሳትነግርሽ ቆየች። አዲስ አበባ ስትደርስ ጊዜው አልፎ ነበር። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ያለው ይኸው ነው።

ለዚህ ነው የምለምንሽ። እህቴ 30 ዓመት አልፏታልና ጤና ጣቢያ ሂጂ በያት። እዚያ ማሕፀን በር ላይ እንደ ኮምጣጤ ያለ ፈሳሽ ቀብተው በዓይን ያያሉ፤ የተለወጠ ነገር ካገኙ ካንሰር ሳይሆን በፊት ያክሙታል። ከመሄዷ በፊት ግን አንቺ ራስሽ፣ በአንቺ አፍ፣ «አለብሽ ቢሉሽም ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ባለጌ ነሽ ማለትም አይደለም» በያት። ከእኔ ይልቅ አንቺን ታምናለች።

የወንድሜን ሴት ልጅ ደግሞ የዚህን ቫይረስ ክትባት አስከትቢልኝ። «ያመክናል» የሚሉሽ ውሸት ነው። ክትባቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጣል። ካንሰሩን ከመቶው ሰባ ያህል ከሚያመጡት ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶች ይከላከላል፤ ሴት ልጅ ቫይረሱ ሳያገኛት በልጅነቷ ስትወስደው ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። አንቺም ብትሆኚ፣ በዚህ ዕድሜሽ ደም ጠብ ካለብሽ «እርጅና ነው» ብለሽ እንዳትተዪው፤ በማግስቱ ሐኪም ጋ ሂጂ።

የእኔ ቀጣይ ምርመራ ከፋሲካ በኋላ ነው። አሁንም እፈራለሁ፣ አልዋሽሽም። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ግን ያን ቀኑን እደውልልሻለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ